ተጋላጩን አውቀነዋል፤ አጋላጩ ማን ነው?

በቅርቡ አንዲት የታመመች ዘመዴን ይዤ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ወረፋው ረጅም ስለ ነበር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ። ከመካከላቸው አንዱ «የእንቅርት አጋላጭ ምክንያቶች» የሚል ርእስ ነበረው። ከሥሩ በተራ ቁጥር ተዘርዝረዋል፦ ሴት መሆን፤ ማርገዝና ማጥባት፤ በደጋና በተራራማ አካባቢ መኖር፤ ጎመንን የመሳሰሉ አትክልቶችን አዘውትሮ መብላት፤ በቤተ ሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው መኖር፤ በመጨረሻም አዮዲን የሌለው ጨው መጠቀም።

ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ ዞር ብዬ አግዳሚ ወንበሮቹን ተመለከትኩ። ከተቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሕፃን አቅፈዋል። አነጋገራቸው ከደጋው እንደ ወረዱ ይመሰክራል። በቤታቸው ጎመን ከቆጮ ጋር የማይቀርብበት ቀን እንደማይኖር ደግሞ ጉራጌን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ያ ወረቀት የነዚህን ሴቶች መልክ ስሎ መልሶ ለነርሱው ያሳያቸዋል። ለመሆኑ ምን እንዲያደርጉ ነው? ሴት መሆናቸውን ይተዉ? አይውለዱ? ተራራውን ለቀው ወደ ቆላ ይሰደዱ? ጎመኑን ከጓሯቸው ይንቀሉ? ሊለወጥ የሚችለው አንድ ነገር፣ ጨው፣ በመጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ ተወሽቋል። እርሱም ቢሆን «መጠቀም» በሚል ግሥ የተጠቃሚዋ ጥፋት ሆኖ ቀርቧል።

የዛሬው ጽሑፌ ክርክር በዚህች ቃል ላይ ነው። «ተጋላጭ» የሚለውን ቃል ሰሞኑን የማይናገረው ባለ ሥልጣን፣ የማይጽፈው ተመራማሪ የለም። ተጋላጭ ሴቶች፣ ተጋላጭ ሕፃናት፣ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች እንላለን። ቋንቋችን ግን ከኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ተደብዳቢ ካለ ደብዳቢ አለ። ተበዳይ ካለ በዳይ አለ። ተጋላጭም ካለ አጋላጭ ሊኖር ግድ ነው። እኛ ግን ተጋላጩን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በመኖሪያ አካባቢና በትምህርት ደረጃ ከፋፍለን ቆጥረን ስናበቃ፣ አጋላጩን «ምክንያቶች» በሚል ስም አልባ ብዙ ቁጥር ውስጥ ደብቀን እናልፈዋለን።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ነኝ። የነገሩ ሳይንስ ግን ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በአንገታችን ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን የምትሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያንሳት ያለችውን አሟጥጣ ለመያዝ ስትታገል ታድጋለች፤ ያ እድገት ነው እንቅርት። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር ዕድሜውን ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። እርጉዝ ሴት 250 ማይክሮ ግራም በቀን ትሻለች፤ ለራሷና ለጽንሱ ነውና። ሴቶች የበለጠ የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደጋው የሚጎዳበትም ምክንያት ግልጽ ነው። አዮዲን በውኃ ይታጠባል። ለዘመናት የወረደው ዝናብና የተሸረሸረው አፈር አዮዲኑን ከተራራው አጥቦ ወደ ባሕር ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው ገብሱም፣ እንሰቱም፣ ሣሩን የበላችው ላምም አይኖራቸውም። ጎመን በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የዕጢዋን ሥራ ሊያውኩ ይችላሉ፤ ይህ ግን የሚጎላው አዮዲን ባነሰበት ገላ ላይ ነው። በቂ አዮዲን የሚያገኝ ሰው ክትፎውን ከነጎመኑና ከነአይቡ ቢበላ እንቅርት አያወጣም። ስለዚህ ጎመኑ ተባባሪ እንጂ ዋና ተከሳሽ አይደለም።

ከጤና ጣቢያው ከተመለስኩ በኋላ፣ በጉብሬ የገበያ ቀን፣ ጨው ወደሚሸጥበት ጥግ ሄድኩ። ጨው በተከፈተ ጆንያ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በጣሳ ይሰፈራል። አጠገቤ ቆመው ጨው የሚያስለኩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመውት ነበር። ለምን እንደ ጠመጠሙት ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም።

«እማማ፣ ይህ ጨው አዮዲን አለው?» አልኳቸው።

«ጨው ነው እንጂ ልጄ፣ ሌላ ምን ይኖረዋል?» አሉኝና ሣቁ። ቀጥለውም ዓይኔ ወዴት እንዳመራ አይተው ኖሮ፣ «ይኼ የአገራችን ውኃ ያመጣው ነው፤ እናቴም ነበረባት፤ ልጄም ይኸው ጀምሯታል» አሉኝ።

ሦስት ትውልድ! በግድግዳው ወረቀት ቋንቋ ይህ «የቤተ ሰብ ታሪክ» ተብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ዘር ብቻ ሳይሆን አንድ ማሰሮ፣ አንድ አፈር፣ አንድ የጨው ጆንያ ተጋርተዋል። ዘር ድርሻ የለውም አልልም፤ አለው። ነገር ግን ዘራቸውን መቀየር የማንችል ሰዎች ጆንያቸውን መቀየር ስንችል በዘራቸው ማመካኘት ምን ይባላል?

እዚያው ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ከሱቅ «አዮዲን ያለው» የሚል የታተመበት አንድ ላስቲክ ጨው ገዛሁ። አንድ ወዳጄ የመመርመሪያ ጠብታ ነበረው። አዮዲን ያለበት ጨው ጠብታው ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይለወጣል። የኔ ጨው እንደ ነጣ ቀረ። ከአንድ ላስቲክ ተነሥቶ ስለ አገር መናገር እንደማይቻል አውቃለሁ። ስለ አገር የሚናገሩትን ቁጥሮች ግን ወደ ኋላ ሄደን እንያቸው።

ኢትዮጵያ ከአሞሌ ዘመን ጀምሮ የጨው አገር ናት፤ ጨው ገንዘባችን ሆኖ ያገለገለባት አገር። እንቅርትም አብሮን የኖረ በሽታ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየክፍለ ሀገሩ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ከ100 ተማሪዎች 30 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት እስከ ፈነዳበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከምንበላው ጨው ብዙው በአሰብ በኩል ከቀይ ባሕር ጠረፍ ይመጣ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አዮዲን የሚጨመርበት ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ ሐይቅ አዞርን። አፍዴራ ጨው ሰጠን፤ አዮዲን ግን ተፈጥሮ አልሰጠውም፣ ሰውም አልጨመረበትም።

ውጤቱ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን ተመዝግቧል። በቂ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100ው 28 ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ወደ 20 ወረዱ። በ2003 ዓ.ም. 15 ላይ ደረሱ። ልብ በሉ፤ ይህ ኢኮኖሚያችን በሁለት አኃዝ አደገ እየተባለ በየአደባባዩ ከበሮ የሚደለቅበት ዘመን ነበር። መንገድና ግድብ እየተቆጠረ በነበረበት ጊዜ በእናቶች ወጥ ውስጥ ያለው አዮዲን ቁልቁል ይወርድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት 39.9 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደግሞ 35.8 በመቶ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ያኔ ጉራጌ በነበረበት የደቡብ ክልል ከሕፃናቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተጠቅተው ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል እንደኛ የሚስማማው ሕዝብ የለም፤ በተፈጥሮ የጎደለን ላይ በጦርነት፣ በጦርነት የጎደለን ላይ በቸልታ ጨመርንበት።

ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ከተዘጋ 13 ዓመት በኋላ! ስዊዘርላንዶች፣ ያለ ባሕር በተራራ መካከል እንደኛ የሚኖሩቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሃንስ ኤገንበርገር የተባለ ሐኪም ሕዝቡን ቀስቅሶ በአፐንሴል አውራጃ አዮዲን የተጨመረበት ጨው እንዲሸጥ አድርጓል። እኛ የዘገየነው የማይታወቅ መድኃኒት እየጠበቅን አልነበረም። ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። ታዲያ የዘገየነው ስለ ምን ነበር? መልሱ አጭርና መራራ ነው፤ እንቅርት ያለባት የደጋ ሴት ሰልፍ አትወጣም፣ ጋዜጣ አትጽፍም፣ በምርጫ ክርክር ላይ ስሟ አይነሣም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

እንቅርት የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይከፋል። አዮዲን በእናት ማኅፀን ሳለ ያላገኘ ጽንስ አንጎሉ በተገቢው መጠን አይገነባም። እጥረቱ እጅግ ከባድ ሲሆን መስማትና መናገር የተሳነው፣ ቁመቱ የቀጨጨ ልጅ ይወለዳል። መካከለኛ ሲሆን ግን ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። ክፉኛ አዮዲን ያጣ ማኅበረ ሰብ ልጆች፣ በቂ ከሚያገኘው ልጆች ጋር በአእምሮ ብቃት መለኪያ ሲነጻጸሩ በአማካይ ከ10 ነጥብ በላይ ወደ ኋላ እንደሚቀሩ በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም አዮዲን ማጣትን ልንከላከለው ከምንችለው የአንጎል ጉዳት ሁሉ ዋነኛው መንሥኤ ሲል ቆይቷል።

እንግዲህ ከ1990 እስከ 2003 ዓ.ም. የተወለዱት ልጆች የት ናቸው? ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ተንጫጫ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። «ሰነፍ ትውልድ»፣ «ኩረጃ የለመደ ትውልድ»፣ «ስልክ ያደነዘዘው ትውልድ» ተባለ። እኔም በመምህራን ክበብ ቡናዬን እየጠጣሁ ይህንኑ ብያለሁ፤ አልክድም። በ2014 ዓ.ም. የተፈተነ የ18 ዓመት ልጅ የተጸነሰው በ1995 ወይም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአምስት ቤት በአራቱ በቂ አዮዲን ያለው ጨው ባልነበረበት ዘመን ማለት ነው።

እንዳልሳት መጠንቀቅ አለብኝ። ፈተናውን የጣለው ጨው ነው አላልኩም፤ የሚል ቢኖር አልቀበለውም። መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ደመወዙ የማይበቃው መምህር፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ ለዓመታት የተንሰራፋ ኩረጃ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። ደግሞም ያ ትውልድ ጎበዞችን አፍርቷል፤ በየዓመቱ ከክፍሌ አገኛቸዋለሁ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የትውልዱን ስንፍና ለመውቀስ በቴሌቪዥን የተደረደሩት ምሁራን ሁሉ አንዳቸውም እንኳ፣ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች በማኅፀን ሳሉ የሚያስፈልጋቸውን ሰጥተናቸው ነበር?» ብለው አልጠየቁም። ቀድሞ የነፈገ መልሶ ከሳሽ ሲሆን ፍርዱ ከወዴት ይመጣል?

ለኔ የሚሰነዘረውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ሦስቱን ልይ።

አንደኛው፣ «ችግሩ ተፈትቷል» የሚለው ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት 89 በመቶ የሚሆኑ ቤቶች አዮዲን የነካው ጨው ተገኝቶባቸዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። የደንብ ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነም ያስረዳል፤ በአምስት ዓመት የሕዝቡ «ግንዛቤ» ሰማይ አልነካም፣ የተለወጠው አስገዳጁ ሕግ ነው። ነገር ግን «የነካው» እና «የበቃው» አንድ አይደሉም። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው ጥናት በቂ መጠን፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ጨው 15 ሚሊ ግራም አዮዲን የተገኘባቸው ቤቶች ከአራት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በሪፖርት 89፣ በወጥ ውስጥ ሩብ! ከ89ኙ በስተጀርባ ተደብቆ የሚያጨበጭብ ሰው ጨውን ሳይሆን ላስቲኩን ነው የሚመገበው።

ሁለተኛው፣ «ሕዝቡ ራሱ ጨውን ክፍት ያስቀምጣል፣ ገና ወጡ ሲጣድ ይጨምረዋል፤ አዮዲኑ ይተናል» የሚለው ነው። እውነት አለበት። አዮዲን በእርጥበት፣ በፀሐይና በሙቀት ይቀንሳል። ጨውን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይጠቅማል፤ እናንተም አንባቢዎቼ ዛሬውኑ በቤታችሁ አድርጉት። ነገር ግን ጨዉን ከአፋር እስከ ጉብሬ በጆንያ ጭኖ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ማን ነው? እማማ ናቸው? ከማምረቻው በቂ ሳይጨመርበት የወጣውን ጨው የትኛው ክዳን ያድነዋል?

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው፤ «አዮዲን ሲበዛም ይጎዳል» ይላል። ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚምባብዌ በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ሲጨምር ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራባቸው ሕመምተኞች በርክተው ነበር። በእጅ እየተረጨ በሚደባለቅ ጨው ላይ አንዱ ጆንያ ባዶ፣ ሌላው ከልክ ያለፈ መሆኑ አይቀርም። ይህ ክርክር ግን ቁጥጥር ይጥበቅ የሚል እንጂ ጨው ይተው የሚል አይደለም። ፍሬን የሌለውን መኪና አይቶ ፍሬን ይሠራለት እንጂ ሰው በእግሩ ይሂድ የሚል ማን አለ?

ነገሩ የእንቅርት ብቻ አይደለም። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ወገኖቻችንን እግር የሚያሳብጠውን በሽታ ተመልከቱ። በወላይታ የተደረገ የዘረ መል ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ በሽታ ይበልጥ የቀረቡ መሆናቸውን አረጋግጧል። ሕዝቡም «የዘር ነው» እያለ ከነዚህ ቤተ ሰቦች ጋር ጋብቻ ይሸሻል። ሆኖም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው ዘሩ ምንም ቢሆን ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። ዘሩ በሩን ይከፍታል፤ የሚያስገባው ግን ጫማ ማጣት ነው። ጫማ ማጣት ደግሞ ከአባት አይወረስም፤ የሚወረሰው ድኽነት ነው።

እኛ ምሁራንስ? በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው «የእገሌ በሽታ ሥርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ በጆንያ ይወጣል። ወረዳው ይለወጣል፣ በሽታው ይለወጣል፤ መደምደሚያው ግን አይለወጥም፦ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል»። ግንዛቤ የምናስጨብጠው ሁልጊዜ ለተጋላጩ ነው። ለአምራቹ፣ ለአከፋፋዩ፣ ለተቆጣጣሪው ግንዛቤ የሚያስጨብጥ ጥናት ያየ ይንገረኝ። ያቺ የመመርመሪያ ጠብታ ዋጋዋ ከአንድ የምረቃ ቀን ኬክ ያነሰ ነው። በየከተማው ዩኒቨርሲቲ አለን፤ በየዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አለን። በየወሩ ከአካባቢያችን ገበያ ጨው ሰብስቦ መርምሮ ውጤቱን በግልጽ ቦታ መለጠፍ ምን ይከብደናል? ይህን ስል ጣቴን የምቀስረው በቅድሚያ በራሴና በባልደረቦቼ ላይ ነው።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም። በማምረቻው ላይ አዮዲን በአግባቡ በሚለካ መሣሪያ ይጨመር። ጨው በታሸገ ማሸጊያ እንጂ በክፍት ጆንያ አይሸጥ። የቁጥጥር ውጤት በየጊዜው በአምራቹ ስም ለሕዝብ ይነገር። እነዚህ ተሟልተው ስታበቃ እናት ጨውን ክፍት ብትተው ያኔ ግንዛቤ እናስጨብጣት።

ያንን የግድግዳ ወረቀት እንደገና የምጽፍ ብሆን ኖሮ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «አጋላጭ ምክንያቶች፦ አንደኛ፣ ሳይጨምር ጨመርኩ ያለ አምራች። ሁለተኛ፣ ሳይመረምር ማኅተም ያደረገ ተቆጣጣሪ። ሦስተኛ፣ 13 ዓመት የዘገየ ደንብ። አራተኛ፣ እያወቀ ዝም ያለ ምሁር።» ሴትነትን፣ ተራራንና ጎመንን ግን ከተከሳሾቹ ዝርዝር አወጣቸው ነበር።

አባቶቻችን፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ብሂሉ ለጨው የተነገረ ይመስላል፤ እኔ ግን ለመንግሥትና ለምሁር የተነገረ አድርጌ እወስደዋለሁ። ያቺ የእማማ የልጅ ልጅ ነገ ክፍሌ ገብታ ትቀመጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ትምህርቱ አልገባት ሲል «ሰነፍ» ብዬ ከመፍረዴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ይኖረኛል። ጥያቄው ግን ለእርሷ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።

ጉብሬ